ከጀልባ ላይ ፎቶ ለምታነሱ ልጆች

ሰሞኑን ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ ያነገበች ልጅ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ከጀልባ ላይ ዳርቻውን ለማንሳት የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» አለችኝ። በቆምኩበት አጭር መልስ ሰጠኋት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ሳላገኘው የቀረሁት አንድ ፎቶ ትዝ አለኝ።

ጊዜው የፊልም ዘመን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሐዋሳን ዳርቻ ከሐይቁ ላይ ለካላንደር እንዳነሳለት ጠየቀኝ። ያኔ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወዲያ ቅርንጫፉን ወደ ውሃው የዘረጋ ትልቅ ዋርካ ነበር። ላዩ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሰፍሩበታል። ሥሩ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያሰጣሉ። ከመሬት ሲያዩት እንደማንኛውም ዛፍ ነው። ከሐይቁ ሲያዩት ግን ዓይን ሌላ ቦታ አይሄድም።

ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከከተማው ጀርባ ትወጣለች። ከውሃው ላይ ሆናችሁ ስታዩ ታቦር ተራራም ዛፉም ጥቁር ጥላ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ስትዞር ዳርቻው በብርሃን ይታያል፤ ያኔ ደግሞ ነፋሱ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ይህን ለኃላፊው አስረድቼ አመሻሹን እንጠብቅ አልኩት። ጀልባዋ እስከ አስር ሰዓት ብቻ ነው የተከራየችው አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ዛፉ ጋ ደረስን። የያዝኩት ኒኮን ኤፍኤም2 ካሜራ፣ ሩቁን የሚያቀርብ 135 ሚሊሜትር ሌንስ እና አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 የሆነ ፊልም ነው። ስስ ደመና ስለነበር ብርሃኑ ከ1/250 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት በላይ አላስኬደኝም። ክርኔን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሳሳርፍ የሞተሩ ንዝረት በክንዴ አልፎ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ስነሳ ሞገዱ ያንገዳግደኛል። ጀልባ ነጂው አዛውንት ነበሩ። ሳልነግራቸው ገባቸው። «ሞተሩን ላጥፋው። ሞገዱ ሽቅብ አንስቶን ቁልቁል ሊመልሰን ሲል ጀልባዋ ለአፍታ ቀጥ ትላለች። ያኔ አንሳ» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንም እንዲህ አሳጥሮ አላስተማረኝም። እጃቸውን ወደ ሞተሩ ሲልኩ ኃላፊው «የለም፣ እየሄድን ያንሳ፣ ሰዓት የለንም» አለ። ሄድን።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ዛፉ አለ፣ ቅጠሉ ግን የለም። የአባ ኮዳዎቹ እግር ተጎትቶ ድርብ ሆኗል። ለካላንደሩ ሌላ ፎቶ ተመረጠ። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ሞልቶ ዳሩን ሲሸረሽር ዋርካው ወደቀ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነጂውም አርፈዋል።  

መሣሪያ ዋጋ የለውም እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን የዛሬው ካሜራ ቢኖረኝ አይኤስኦውን 800 አድርጌ በ1/2000 አነሳው ነበር። ስለዚህ አቅሙ ካላችሁ ደህና ካሜራ ግዙ። ከ1/1000 አትውረዱ። መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ሌንስ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ያስተካክላል፤ የጀልባዋን ጉዞ ግን አያቆምም። ቅርብ ያለው ሸምበቆ ይሮጣል፣ ሩቅ ያለው ተራራ የቆመ ያህል ነው። ዳሩን ታክካችሁ ስትሄዱ ፍጥነት የሚያስፈልገው ለሸምበቆው ነው። ጠርዙን አትደገፉ፤ ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብሰብ አድርጉ። የውሃው ነጸብራቅ ካሜራውን ያታልለውና ዳርቻውን ያጠቁርባችኋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። ስለ ላይፍ ጃኬት አልነግራችሁም። ይህን የማያውቅ ጀልባ ላይ አይውጣ።

የዛሬ ልጆች ቀልጣፎች ናችሁ፤ እኛ በዓመት ያልተማርነውን በሳምንት ትማራላችሁ። ግን አብሬያችሁ ስወጣ የማየው ያሳዝነኛል። ጀርባችሁን ለዳርቻው ሰጥታችሁ ሰልፊ ታነሳላችሁ። ቀና ስትሉ ዓሣ አዳኙ ንስር ዓሣውን ይዞ ሄዷል። ነጂውንም ስሙን እንኳ አትጠይቁትም። እሱ ግን ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ወፍ እንደሚያድር ያውቃል።

ጠዋት ከወጣችሁ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ሂዱ። ውሃው የረጋ ነው፣ ፀሐይዋም ከጀርባችሁ ሆና ታበራላችኋለች። ጉማሬ ባለበት አካባቢ ግን ሞተር ይጥፋ ብላችሁ አትከራከሩ፤ እዚያ የሚያዝዘው ነጂው ነው። በሌላው ቦታ ሁሉ ሞተሩን አስጠፉ። ለዚህም ገና ከመሳፈራችሁ በፊት ሂሳቡን በሰዓት ተነጋገሩ፤ እየቆማችሁ እንደምትሄዱም ቁርጡን ንገሩት።