ስለ ማረጥና ስለ ሆርሞን ሕክምና ሲስተርን ጠይቁ

ዛሬ ማታ መላሿ ሲስተር ናት። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በአዋላጅነት ሠርታለች። ጠያቂዎቹ በሰፈራቸው ወይም በከተማቸው ስም ተጠርተዋል።

ሲስተር፦ ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ የወር አበባ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ እንደሆነና ማህፀናችሁ መኖሩን ጻፉ። ያለዚያ መመለስ አልችልም።

የሆጤዋ፦ 49 ዓመቴ ነው። የወር አበባ ካየሁ 14 ወሬ። ማህፀኔ አለ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ እኔ ግን መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው። ሆርሞን ካንሰር ያመጣል ሲሉኝ ፈራሁ።

ሲስተር፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ተባረኪ። 12 ወር በተከታታይ ካላየሽ አርጠሻል። ፍርሃቱ የመጣው አሜሪካ ውስጥ ከተደረገ ትልቅ ጥናት ነው። በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (እንደ ፕሮጄስትሮን የሚሠራ) የሚባሉትን ሁለት ሆርሞኖች አብረው የሚወስዱት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ስለጨመረ ያንን የጥናቱን ክፍል አቆሙት። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ ከ10,000 ሴቶች በዓመት ወደ 8 ገደማ ነበር። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ ደግሞ 63 ነው። አንቺ ገና 49 ነሽ። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ ያመዝናል። ለላቡና ለሙቀቱ ከሆርሞን የሚበልጥ መድኃኒት የለም፣ አጥንትንም ይጠብቃል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ከባድ የጉበት ችግር ኖሮሽ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ቀድመሽ ተናገሪ። ማህፀን ስላለሽ የምትወስጂው ሁለቱን ነው፦ ኢስትሮጅንም ፕሮጄስትሮንም።

የፒያሳዋ፦ ሲስተር፣ ለማረጥ ምን ጥሩ ነው?

ሲስተር፦ ዕድሜ? ማህፀን? ምንሽን ነው የሚያምሽ? ከላይ ጽፌያለሁ።

የኮምቦልቻዋ፦ 53 ነኝ፣ ካየሁ ሁለት ዓመት፣ ማህፀኔ አለ። ልጄ ከጂዳ የኢስትሮጅን ጄል ላከችልኝ። ቆዳ ላይ ስለሚቀባ ምንም አያደርግሽም ብላኛለች።

ሲስተር፦ አትጀምሪው። በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም። ኪኒን ይሁን፣ ጄል ይሁን፣ የሚለጠፍ ፓች ይሁን ኢስትሮጅን ያው ኢስትሮጅን ነው፤ ደም ውስጥ ይገባል። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ እያወፈረ ይሄዳል። የሚገታው ፕሮጄስትሮን ነው። ገቺ ከሌለው ግድግዳው ወፍሮ ወፍሮ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ጄሉ በራሱ መጥፎ አይደለም። እንደ ኪኒን በጉበት በኩል ስለማያልፍ የደም መርጋት ስጋቱ ያነሰ ነው። የጎደለው ጓደኛው ነው። ይዘሽው ማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ፕሮጄስትሮን ይጨምርልሽ። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ለብቻው አትውሰድ!

የሰኞ ገበያዋ፦ እናቶቻችን ያለ ጄል አልፈውታል። ማረጥ በሽታ አይደለም።

የሆጤዋ፦ የኔ እናት ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነበር የሚነጋው። ሰው ስለማትጠይቅ እንጂ ቀሏት አይደለም።

የኮምቦልቻዋ፦ ደሴዎች ብርድ አላችሁ። እዚህ ቆላ ወርዳችሁ ብታዩት!

የሰኞ ገበያዋ፦ ኧረ የጦሳ ተራራ ንፋስም አላበረደኝም፣ ግን መድኃኒት አልነካሁም።

ሲስተር፦ በሽታ አይደለም፣ ልክ ነሽ። የቻለች ትቻል፣ ማንም አይፈርድባት። እንቅልፍ አጥታ ሥራዋ የተበላሸባት ሴት ደግሞ ቻይው አትባልም። ወደ ጥያቄው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ 52፣ ማህፀን አለ፣ ካየሁ 18 ወር። መድኃኒቱ ደም ያሳያል አሉ። ሶላቴና ረመዳኔ አሳሰበኝ።

ሲስተር፦ አሳሳቢ ነው፣ ለሐኪሙም እንዲሁ ንገሪው። ፕሮጄስትሮኑ በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ሲሰጥ ደም ይመጣል። ሁለቱ በየቀኑ ሲወሰዱ ወርሃዊ ደም የለም፤ ካረጡ ዓመት ላለፋቸው የሚመረጠውም ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ግን ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ስለዚህ ረመዳን ሲቃረብ አትጀምሪ። ኪኒኑን ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻላል። የሃይማኖቱን ፍርድ ሼኽሽን ጠይቂ።

የፒያሳዋ፦ አብሽና ተልባስ?

ሲስተር፦ ምግብ ናቸው፣ ብሉ። ላብ ያቆማሉ ብዬ አልመክርም።

የሮቢቷ፦ 47፣ ዲፖ፣ የወሊድ መከላከያውን መርፌ፣ እወጋለሁ፣ ደም ካየሁ ሦስት ዓመት። አርጫለሁ?

ሲስተር፦ ዲፖ ራሱ ደም ያቆማል። በዚያ መለየት አይቻልም። ሳታማክሪ አታቋርጪ፣ ልታረግዢ ትችያለሽ።

የፒያሳዋ፦ ማህፀኔ በኦፕራሲዮን ወጥቷል፤ 51 ነኝ። ጄሉን ብቻ ልቀባ?

ሲስተር፦ ይሄንን መጀመሪያ ብትነግሪኝ! ማህፀን ለሌላት ኢስትሮጅን ለብቻው ይበቃታል። ያም ቢሆን በሐኪም ትዕዛዝ።

እትዬ ከአራዳ፦ ልጄ፣ እኔ 61 ነኝ። ካየሁ ዘጠኝ ዓመት። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም ልብሴ ላይ አየሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው። ሆርሞን ያስፈልገኛል?

ሲስተር፦ እትዬ፣ ሆርሞኑን ይተዉት። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም አንዲት ጠብታም ብትሆን ትመረመራለች። ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም፣ ግን ሳይታይ አይታወቅም። በአልትራሳውንድ የግድግዳውን ውፍረት ያያሉ፣ ካስፈለገም ናሙና ይወስዳሉ። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ነገ ማን ይዞዎት ይሄዳል?

እትዬ ከአራዳ፦ የልጄ ሚስት አለች። አፍሬ አልነገርኳትም።

ሲስተር፦ ዛሬ ማታ ይንገሯት። ጠዋት ሪፈራል ሆስፒታል በር ላይ እኔም እጠብቅዎታለሁ።