ጥያቄና መልስ፦ አጸድ፣ አጥር፣ ቅንጭብ

ክረምቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ችግኝ ይዞ ስለሚዞር ይሆናል፤ የሰሞኑ ጥያቄ በሙሉ ከአጥር አልራቀም።

አንዲት እናት ልጃቸውን አጸደ ሕፃናት ሊያስመዘግቡ ሄደው በር ላይ ልጁ ያዛቸው። «ሕፃናት እኛ ነን፤ አጸዱስ ማነው?» አለኝ፣ መልስ አጣሁ ይላሉ።

ጎበዝ ልጅ ነው። ዐጸድ የግእዝ ቃል ነው፤ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ግን ባዶ ግቢ አይደለም፣ በውስጡ የሚበቅል ነገር አለ። የወይን ቦታ በግእዝ ዐጸደ ወይን ነው፤ አጥሩም ተክሉም በአንድ ቃል ተይዘዋል። በአማርኛችን ቃሉ ሳይደበዝዝ የቆየው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ማሳው ሁሉ ገላጣ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ጥዱና ወይራው ተሰብስቦ ካዩ መካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ያ ዛፍ አጸዱ ነው። አያቴ ከአጸዱ ጭራሮ ስትለቅም አይቼ አላውቅም። የወደቀውን ቅርንጫፍ ተራምዳው አልፋ ለማገዶ ወንዝ ድረስ ትወርዳለች።

ቃሉ ከአፈር አልፎ ሰው ላይም ደርሷል። በሕይወት ያለው «በዐጸደ ሥጋ»፣ ያረፈው «በዐጸደ ነፍስ» ይባላል። እኔ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያው የጥድ ጥላ ነው።

ጀርመናዊው ፍሮቤል በ1840 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ማስተማሪያው «የልጆች አትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣ። ዐጸደ ሕፃናት ከዚህ ጋር ልክክ ይላል። ሰፈሬ ያለው ግን በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «አፀደ ህፃናት» ተጽፎበታል፤ ገባ ሲሉ ሲሚንቶ፣ አሮጌ ጎማ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የደረቀች አንዲት ጽጌረዳ። እንዲህ ያለውን «ኬጂ» በሉት፣ አልቀየምም።

አጸድ በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ? በጸሎቱ። ሕፃናት ግን በፀሐዩ።

«አጥር ቅጥር የሌለው ቤት» ይላሉ አባቴ፤ ቃል መደጋገም አይደለም ወይ? የሚል ወጣት አለ። አባትህን አትረም! ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ላይ የወይኑን ቦታ ታሪክ አንብብና ግሶቹን ተመልከት፦ አጥሩ ይነቀላል፣ ቅጥሩ ይፈርሳል። የሚነቀለው እሾህና ቁልቋል ነው፤ የሚፈርሰው ድንጋይ። አጥር የግእዙ ሐጹር ነው፣ ቅጥርም ቅጽር፤ ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ጸ ወደ ጠ ዞሮ ነው።

ጎረቤታቸው ሰንሰሉን ግማሽ ሜትር ገፍቶ የተከለባቸው አባት «ድንበር» የሚለው ቃል ከየት መጣ ይሉኛል። የቃሉ ምንጭ መሬትዎን አያስመልስም። ወረዳ ይሂዱ።

የመጨረሻው፦ ቅንጭብና «ከመጽሐፉ የተቀነጨበ» የምንለው ዘመድ ናቸው? ለእኔ ጆሮ ናቸው። ቅንጭብ ዘር አይጠይቅም፤ ቅርንጫፉን ቀንጥሰው መሬት ላይ ይሰኩታል፣ እዚያው አጥር ይሆናል። እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ግን ጠያቂው ደብዳቤያቸው ግርጌ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ሲተክሉ ወተቱ ልጃቸው ዓይን ውስጥ መግባቱን፣ ዓይኑም ከትናንት ጀምሮ እንደቀላ ጽፈዋል። ያልፍለታል ብለው ነው! ይህ አምድ እስኪወጣ አልጠበቅሁም፣ ያኔውኑ መልሼላቸዋለሁ፤ ለሌላውም እንዲሆን እደግመዋለሁ። የቅንጭብ ወተት ዓይን ያቆስላል፣ ብርሃንም ሊያሳጣ ይችላል። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግመው ይጠቡለት። እንዳያሽ እጁን ይያዙት። ቅቤ፣ የእናት ጡት ወተት፣ ጎረቤት የሰጠው ጠብታ፣ አንዱንም አይጨምሩ። ከዚያ የዓይን ሐኪም ዘንድ፣ ዛሬ። ቅዳሜን አይጠብቁ፣ ቅላቱ ቢቀንስም አይቅሩ።

ሐኪሙ አይቶታል ብለው ሲጽፉልኝ ስለ ግሱ እንቀጥላለን።