ፒስተኑ የተጣበቀ የገርሊንግ የፍሬን ካሊፐር፦ የትኛው ጎሚኒ?

ወንድሜ፣ ለተጣበቀው የፊት ካሊፐር (የፍሬን ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው ክፍል) የትኛውን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ ፒስተኑን የሚከብበውን ላስቲክ) ልግዛ ላልከው፣ በመኪናው ሞዴል ብቻ አትግዛ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ካሊፐሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የፒስተኑን ውፍረት በካሊብሮ (በመለኪያው) ለካ፤ ገርሊንግ የተባለው ፋብሪካ ዓይነት 14 ካሊፐር ፒስተን ወደ 48፣ የዓይነት 16 ደግሞ ወደ 54 ሚሊሜትር ነው።

ፒስተኖቹን ስታወጣ በሁለቱ መሃል እንጨት አስገባና የኮምፕረሰሩን ንፋስ ቀስ ብለህ ስጥ፤ ጣትህን አርቅ! ጎሚኒው የሚታከከው ፒስተኑ ላይ ስለሆነ ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ያለውን ፒስተን ጣለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አያድነውም። ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይም በደንብ አጽዳ። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑን መልሶ የሚስበው ጎሚኒው ነው፤ ከሥሩ ዝገት ካለ ይጨመቅና ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። ስትገጥም በአዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ አርጥበው፤ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጡታል። የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን ወደ ታች ከዞረ የግራና የቀኙን ካሊፐር አቀያይረሃል።