መዥገር ከያዘሽ ቫዝሊኑንም ላይተሩንም ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ድንኳን ተክላችሁ ልታድሩ ነው፤ መዥገር የሚያባርር ቅባት መቀባት ብቻ ይበቃል ወይ፣ መዥገር ከያዘኝስ ቫዝሊን ቀብቼ ላፍነው ወይ ብለሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች መካከል "ላይተር አስጠጊበት፣ ራሱ ይለቃል" ያሉም አሉ። እባክሽ እነሱን አትስሚ። ይህ ምክር እኛ ቤት ምን እንዳስከተለ ስለማውቅ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ጉዞሽ ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ይመስለኛል፤ ቀን በእግር፣ ማታ በድንኳን፣ ዙሪያው ሣርና ቁጥቋጦ፣ እንስሳ የሚመላለስበት። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

1. ከቅባቱ በፊት ልብስሽን አስቢ። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም፣ ከዛፍም አይወድቅብሽም። ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ነው የሚጠብቅሽ። ትንፋሽሽንና የሰውነትሽን ሙቀት የሚያውቅበት አካልም እዚያው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ስታልፊ ሱሪሽን ይይዝና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። አንገት ላይ ወይም ፀጉር ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ተነስቶ የወጣ ነው። እንግዲህ መንገዱን ከታች ዝጊበት፦ ረጅም ሱሪ፣ የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ፣ ሸሚዙ ሱሪ ውስጥ። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን፣ የሚሄድበት ነገር ወዲያው እንዲታይሽ። አብረውሽ የሚሄዱት ሊስቁብሽ ይችላሉ። እኔም ላይ ተስቋል፤ ማታ ግን ከካልሲዬ ላይ ስለቅማቸው የነበሩት መዥገሮች አንዳቸውም ቆዳዬ ጋ አልደረሱም ነበር፣ የሳቁት ደግሞ ቁምጣቸውን አውልቀው ብብትና ብሽሽታቸውን ሲፈትሹ አመሹ። መንገድ ላይ መሃል መሃሉን ሂጂ፤ የወደቀ ግንድ ላይና የደረቀ ቅጠል የተከመረበት ቦታ አትቀመጪ።

2. ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ፣ ቦታቸው ለየብቻ ነው። ፐርሜትሪን የልብስ ነው። 0.5 በመቶ የሆነውን ገዝተሽ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ጫማና የድንኳኑ በር ላይ ትነፊያለሽ፤ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ነፋሻ ቦታ ላይ ነፍተሽ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ፤ አንዴ ከደረቀ በርካታ እጥበት ይችላል። ማባረር ብቻ አይደለም፣ ልብሱ ላይ የወጣውን ይገድላል። ለቆዳ ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለበት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን ያለበት ቅባት ነው። የፀሐይ መከላከያ የምትቀቢ ከሆነ እሱ ይቅደም፣ ይሄ ከላይ ይሁን። ዲት ፕላስቲክ ይበላል፤ አንድ ባልደረባችን በተቀባ እጁ መነጽሩን ሲያነሳ የጣቱ አሻራ ክፈፉ ላይ ታትሞ ቀርቷል፣ ቢታጠብም አልለቀቀም። መነጽርና ሰዓት ካለሽ ፒካሪዲኑን ምረጪ። ልጅ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ እጁ ላይ አትቀቢው፣ ወደ አፉና ወደ ዓይኑ ይወስደዋል። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ዲት ጨርሶ አይቀባም።

3. ማታ ማታ ተፈታተሹ። ከጉልበት በስተጀርባ፣ ብሽሽት፣ ወገብ ላይ ቀበቶው የሚያርፍበት፣ እምብርት፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ማጅራት፣ የፀጉር ሥር። በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ዳብሺ፤ ገና ያልጎለመሰችው መዥገር የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ናት፣ ጠቃጠቆ ወይም ቆሻሻ ትመስልሻለች። ስትነክስ ደግሞ ምራቋ የሚያደነዝዝ ነገር ስላለው ምንም አይሰማሽም። ስላላመመኝ የለብኝም እንዳትዪ።

ታናሽ ወንድሜም ያገኛት በዳበሳ ነበር፣ ከጉልበቱ እጥፋት ውስጥ። ማግኘቱ በጣም ጥሩ ነው፤ በዚያው ሰዓት በወረንጦ ብትነቀል ኖሮ ምናልባት እዚያው ያልቅ ነበር። ወረንጦው ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከኔ ድንኳን እስከሱ ድረስ ስንት እርምጃ ነው! ግን ድንኳኑን የሚጋራው ሰው "ይሄ ምን ችግር አለው" ብሎ ላይተሩን አቀጣጥሎ አስጠጋባት። መዥገሯ አልለቀቀችም። ወንድሜ ተቃጥሎ ሲዘል ሰውየው በጥፍሩ ይዞ ጎተታት፣ ሆዷ ፈነዳ፣ አፏ ቆዳው ውስጥ ቀረ። እኔ ስደርስ የቀረኝ ነገር ቁስሉን በሳሙናና በአልኮል ማጠብ ነው። የተቀደደውን አካሏን በግልጽ ፕላስተር መካከል አጣብቄ ቀኑንና የተነከሰበትን ቦታ ጻፍኩበት። ያኔም "ለሙዚየም ነው?" ተብዬ ነበር።

ለምን አደገኛ እንደሆነ ልንገርሽ። መዥገር ስትቃጠል ወይም ስትጨመቅ በውስጧ ያለውን ወደ ቁስሉ ልትተፋ ትችላለች። ቫዝሊኑም፣ የጥፍር ቀለሙም፣ ጋዙም ሌላ ጣጣ አላቸው። መዥገር በጣም በዝግታ ነው የምትተነፍሰው፤ ታፍና እስክትለቅ ሰዓታት ያልፋሉ። እነዚያን ሰዓታት ደግሞ ማባከን የለብሽም። ለምሳሌ የላይም በሽታ ባክቴሪያ ወደ ሰው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ መዥገሯ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ከቆየች በኋላ ነው። ሁሉም በሽታ ግን እንዲህ አይታገስም፤ ለስላሳ ቆዳ ያላቸው መዥገሮች የሚያመጡት ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በደቂቃዎች ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል። እና ያየሻትን በደቂቃዋ ንቀያት።

ወንድሜ ከተመለስን ከሳምንት በኋላ ታመመ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት። የተነከሰበት ቦታ ላይ ዙሪያው የቀላ ጥቁር ቅርፊት ወጣ። ይዤው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ ጠብቀን ስንገባ ሐኪሙ ከስልኩ ቀና ሳይል "ምን ሆነ?" አለ። መዥገር ነክሶት ነበር፣ ቀኑ ይኸውና ብዬ ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "መዥገር የከብት ነገር ነው። ይህን ቆሻሻ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሱልኝ።" ሱሪህን ሰብስብ፣ ቁስሉን ልየው እንኳ አላለም። ደም አስመረመረን፣ ምንም አልተገኘም፣ ጉንፋን ነው ተብሎ ማስታገሻ ይዘን ወጣን። ቁስሉን እንዲያይልን ደግሜ ስጠይቅ "እናንተ ኢንተርኔት አንብባችሁ ነው የምትመጡት" አለኝ። ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። የታመመ ሰው ይዞ፣ ማስረጃ ይዞ፣ ቀን ጽፎ የመጣን ሰው እንዲህ ማመናጨቅ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ይቺኛዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው "የት ነበርክ? ምን ነካህ?" ብላ ነው። ጥቁሩን ቅርፊት አየች፣ ብሽሽቱን ዳሰሰች፣ ፕላስተሩን ወደ መብራቱ አስጠግታ ተመለከተች፣ ቀኑን አነበበች። ሪኬትሲያ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ የመዥገር ንዳድ ነው አለችና ዶክሲሳይክሊን ጀመረችለት። የዚህ በሽታ የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጊዜ ምንም ስለማያሳይ፣ ምልክቱ ከገጠመ ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒቱ እንደሚጀመር ያስረዳችን እሷ ናት። በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ። ስንወጣ "ፕላስተሩን ያሰበው ማነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት፤ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም።

ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ጥቁር ቅርፊት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካየሽ፣ ሐኪም ቤት ገብተሽ መጀመሪያ የምትናገሪው "መዥገር ነክሶኛል፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ" የሚለውን ነው። ካልሰሙሽ ተነሺና ሌላ ቦታ ሂጂ፤ አትለማመጪ።

4. አነቃቀሉ እንግዲህ። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያዢ፤ ለቅንድብ የሚሆነው ጠፍጣፋው ሆዷን ይጨፈልቃል። ከሆዷ ሳይሆን ከአፏ፣ ቆዳሽን እስክትነኪ ድረስ ወርደሽ ያዣት። ከዚያ ሳትጠመዝዢና ሳትነጥቂ ቀጥ አድርገሽ በዝግታ ወደ ላይ ሳቢ። ቆዳው ድንኳን መስሎ ትንሽ ይነሳል፤ እዚያ ላይ አትቸኩይ፣ ያዝ አድርጊ፣ ራሷ ትለቃለች። ከአፏ ቅንጣት ቢቀር በመርፌ አትቆፍሪ፣ ቆዳው ራሱ ያወጣዋል። እጅሽንና ቦታውን በሳሙና ታጠቢ፣ መዥገሯን በጣትሽ አትጨፍልቂ፣ እንዳልኩሽ በፕላስተር አሽጊና ቀን ጻፊባት። ወረንጦው ደግሞ እያንዳንዱ ድንኳን ውስጥ አንድ አንድ ይኑር፤ አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ለሌላው አይጠቅምም።

ስትመለሱ ልብሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ መተው መዥገርን አይገድልም። ማድረቂያ ማሽን ካለ ልብሱን ሳታጥቢው፣ ደረቁን፣ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አሽከርክሪው፤ ከሌለ በጣም ሙቅ ውሃ ይሁን። አንቺም በገባሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላሽን ታጠቢ፤ ገና ያልተጣበቁት በውሃው ይሄዳሉ።

ካልሲው ጫፍና ወገብ ላይ ተደርድሮ ስለሚወጣው የሚያሳክክ ቀይ ነጥብ የጠየቅሽው ምናልባት ቺገር ነው። ይሄ ሙጀሌ አይደለም። ሙጀሌ ሥጋ ውስጥ የምትገባ ቁንጫ ናት፤ ቺገር ግን በዓይን እምብዛም የማትታይ ቀይ እጭ ናት፣ ቆዳ ውስጥ አትገባም፣ ደምም አትመጥም። ልብስ ጠበቅ ወደሚልበት ሄዳ በምራቋ ቆዳውን አሟሙታ ትበላለች። ማሳከኩ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ነጥቡን ስታዪ እሷ ብዙ ጊዜ ሄዳለች፤ ላፍናት ብሎ የጥፍር ቀለም መቀባት ቆዳን ማስቆጣት ብቻ ነው። እዚያው ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ፈትገሽ ታጠቢ። ለማሳከኩ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ካላሚን ቀቢ፤ እንቅልፍ ከነሳሽ የአለርጂ ኪኒን ፋርማሲ ጠይቂ። አትቧጭሪው፣ የሚመረቅዘው ከጥፍር በሚገባው ቆሻሻ ነው። ፐርሜትሪን የተነፋበት ካልሲ ለቺገርም ይሠራል። ወደ እስያና ፓሲፊክ አካባቢ የምትሄጂ ከሆነ ግን ቺገርን አትናቂ፤ እዚያ ስክረብ ታይፈስ የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች፣ እሱም ጥቁር ቅርፊትና ትኩሳት ያመጣል፣ የሚታከመውም በዚያው በዶክሲሳይክሊን ነው።

ውሻሽን ይዘሽ እንደምትሄጂ ጽፈሻል። ለውሻ የተዘጋጀ የመዥገር መከላከያ ከእንስሳት ሐኪም አስቀድመሽ ውሰጂ፣ ማታ ማታም ጆሮው ውስጥ፣ አንገት ማሰሪያው ሥርና በጣቶቹ መካከል ፈትሺው፤ መዥገሩ ራሱን ሳይነክሰው ውሻው ወደ ድንኳንሽ ሊያመጣልሽ ይችላል። ቤት ድመት ካለሽ ደግሞ ፐርሜትሪኑን ስትነፊ ሌላ ክፍል ዝጊባት፣ ልብሱ እስኪደርቅም አታስጠጊያት፤ እርጥቡ ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው። ለውሻ የተሠራውንም እሷ ላይ እንዳታደርጊ።