የእርግብ ቤት ከአደን ውሾች አጠገብ ይሠራ ወይ?

ወንድሜ፣ ለገጣፎ ባለው ግቢህ ውሾችህን ለወፍ አደን የምታሠለጥንባቸውን እርግቦች ከውሾቹ ቤት ጎን ላድርጋቸው ወይ ብለሃል። ግቢው አንድ ቢሆን ችግር የለውም፤ ግድግዳ ግን አታጋራቸው።

እኔ ሰንዳፋ በኩል ስኖር መጀመሪያ ያደረግኩት ግድግዳ ማጋራቱን ነበር። ውሻዬ ሽቦው ላይ አፍጥጣ ትውላለች፣ ትጮሃለች፣ ቆርቆሮውን ትቧጥጣለች። እርግቦቹ ተሸብረው እንቁላላቸውን ጥለው ተነሱ። እንቁላሉ ለመፈልፈል 18 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ሰላም ካጡ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው። ውሻዋም የእርግብ ሽታ ሲደርሳት፣ እንደ ሠለጠነችው ቀጥ ብላ ቆማ ወፉ ያለበትን ማመልከቱን ትታ መዝለል ለመደች። በጣም አሳዘነችኝ፤ ያንን አመል ለማስተው ወራት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ቦታህ የፈቀደውን ያህል አርቃቸው። ጠባብ ከሆነ መሃላቸው የቀርከሃ አጥር አቁም፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩ። የእርግቦቹን ቤት በአራት እግር ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው። የሽቦው ቀዳዳ ጣት የማያስገባ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ ማታ ማታ ይመጣል።

አደራ የምልህ ግን የተደፋ እህል እንዳያድር ነው። እህል አይጥ ይጠራል። የአይጥ ሽንት ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ ለውሻ ያስተላልፋል፤ ሰውንም ይይዛል። ኩሱን ስትጠርግ ውሃ እርጭበት፣ አፍንጫህንም ሸፍን።

አዲስ የገዛሃቸውን እርግቦች 4 ሳምንት ያህል ሳትለቅ አቆያቸው። መጀመሪያ ስትለቃቸው አመሻሽ ላይ፣ ሳይበሉ ይሁን። የእህሉን ጣሳ ስታንኳኳ ይመለሳሉ። ውሾቹን በዚያ ሰዓት እሰራቸው።