ከስብራት በኋላ ያበጠ ባት አይታሽም

እህቴ፣ አባትሽ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው እንደተሰበረ፣ ጄሶው ሰሞኑን ከተፈታ ወዲህ ደግሞ ባታቸው እንዳበጠ ጽፈሻል። ጎረቤት «ጅማት ነው፣ ወጌሻ ይሻቸው» እያለ ነው። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ የግድ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

መልሴን ላስቀድም። አይታሹ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።

ይህን የምለው በራሴ እግር ስላየሁት ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን በክረምት ጭቃ አንሸራቶኝ ቅልጥሜ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ደህና እየገጠመ ሳለ ባቴን ስትራፖ የመሰለ፣ ይዞ የማይለቅ ሕመም ጀመረኝ። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ማታ ይወጠራል። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ከሌላኛው እግር ይልቅ ይሞቃል። መቅላት ግን አልነበረውም። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እንደልብ ስለማይታይ «አልቀላምኮ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ነርሷ ሜትር አምጥታ ሁለቱንም ባቶቼን ከጉልበት በታች እኩል ቦታ ላይ ለካች። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሐኪሞች ደም ረግቷል ብለው ይጠረጥራሉ። የእኔም አለፈ። በዶፕለር አልትራሳውንድ (በደም ሥር ውስጥ የደሙን ፍሰት በሚያሳይ መሣሪያ) ሲታይ እውነትም ረግቶ ተገኘ።

ጄሶ ሲፈታ ትንሽ ማበጥ የተለመደ ነው፣ ጎረቤቶቻችሁ እሱን አይተው ይሆናል። ግን የቱ ተራ እብጠት፣ የቱ የረጋ ደም እንደሆነ በዓይን አይለይም። ደም መርጋትን ለመጠርጠር የሚረዳው ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራም ከስብራት በኋላ ያለ ደም መርጋትም ከፍ ሊል ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ቁርጡን የሚነግራችሁ ዶፕለሩ ነው።

ደሙ የሚረጋበት ምክንያት ብዙ ነው። ስብራቱ ራሱ የደም ሥር ይጎዳል። ሰውነትም የተጎዳውን ለመጠገን ሲል ደሙን ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ግን መተኛቱ ነው። ስንራመድ ደሙን ወደ ልብ የሚገፋልን የባት ጡንቻ ነው። እሱ በጄሶ ታስሮ ሲቀመጥ ደሙ ጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ይዘገያል። ጄሶው ስለተፈታም አደጋው በዚያው ቀን አያልቅም፣ ለሳምንታት ይቆያል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ካንሰር ያለባቸውና ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቅ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ።

ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። የሚያስፈራኝ የረጋው ደም ሲታሽ ተላቆ በልብ በኩል ሳንባ ሊደርስ መቻሉ ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሲተነፍሱ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ከተገኘባቸው ደግሞ አትደንግጪ፣ መድኃኒት አለው። እኔ መጀመሪያ እንብርት ዙሪያ የሚወጋ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ተሰጠኝ፣ ቀጥሎ ለዚያው የሚዋጥ ኪኒን፣ ዋርፋሪን። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። ዋርፋሪን ከሆነ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ፣ አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ ይከተላል፣ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። እዚህ ላይ ጾሙን አስቢበት። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ሁዳዴ ገብቶ ጎመን ሲበዛ የእኔ ቁጥር ወርዶ መጠኑ ተስተካክሎልኛል። ጎመን አይከለከልም፣ ግን ጾምም ፍስክም መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን። ለሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እንዳትገዙ፣ ከመርፌው ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ።

አሁን መጀመሪያ እዚያው መሐል ሜዳ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ሪፈር ከተጻፈላችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ከመነሳታችሁ በፊት «ዶፕለሩ እስኪደርስ መርፌው ይጀመርላቸው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥርጣሬው ጠንካራ ሲሆን ምርመራው ሳይደርስ ሊጀመር ይችላል። በጣርማ በር በኩል መንገዱ ረጅም ነው፣ ውሃ ይጠጡ፣ እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡበት ወንበር ያዢላቸው። የጨጓራ ቁስል ካለባቸው፣ ደም ፈሷቸው የሚያውቅ ከሆነ ወይም የሚወስዱት የባህል መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ንገሪው።