«ፊርማዬ ካለበት ተጠያቂ ነኝ?»

ጠያቂያችን ለባሕር ኃይል ሮኬት በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ናቸው። «ሮኬቱ ለመርከብ ጭነት አስተማማኝ ነው» የሚል የደህንነት ግምገማ እንዲፈርሙ አለቃቸው እየወተወቷቸው ነው። «አንድ ነገር ቢደርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ ድርጅቱ?» ይላሉ።

ካሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ አብሮ ይጠየቃል። ወንጀል ግን የግል ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቁ የፈረሙትን ማንም አይሸከምልዎትም። ዝርዝሩ እንደ አገሩ ሕግና እንደ ውልዎ ይለያያል፤ ውሉን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነገር ነው። «የሙከራ ውጤቱ ተያይዟል» ብለዋል። የየትኛው ሮኬት? የተፈተነው የቀድሞው ሞዴል ይመስለኛል። ከሆነ፣ ዋናውን ነገር ነው የዘለሉት። ጠበቃዎ ዘንድ ሲሄዱ እንዲህ አያድርጉ።

ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄ ነው። ፈንጂው ወይም ማሸጊያው ይቀየራል። «ያው ነው» ተብሎ የድሮው ውጤት ይያያዛል። ያው አይደለም! በነዳጅ እሳት ሲነድ፣ ቀስ እያለ ሲግል፣ ጥይትና ፍንጣሪ ሲመታው፣ አጠገቡ ያለው ሲፈነዳ ምን እንደሚሆን ይፈተናል። ማሸጊያ ሲለወጥ እንኳ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካው አውሮፕላን ተሸካሚ ፎረስታል ላይ እሳት ተነሳ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቦምቦቹ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣሉ ብለው ተጠጉ። መርከቡ ላይ ግን እሳት የማይችሉ አሮጌ ቦምቦችም ነበሩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መፈንዳት ጀመሩ። በአደጋው 134 ሰዎች ሞቱ።

ስለዚህ «አስተማማኝ ነው» ብለው በደፈናው አይፈርሙ። የትኛው ሞዴል፣ በየትኛው ማሸጊያ፣ በምን እንደተፈተነ፣ ምን እንዳልተፈተነ ይጻፍ። ጥርጣሬዎንም ለአለቃዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቃል የተባለ ነገር ኋላ ይካዳል። ይህ ድርጅቱንም ይጠቅማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 እንደወሰነው፣ ለመንግሥት ዕቃ የሠራ ድርጅት በዲዛይን ጉድለት ሲከሰስ ከለላ ከሚያገኝባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ፣ እሱ የሚያውቀውን መንግሥት ግን የማያውቀውን አደጋ ማስጠንቀቁ ነው። ዝም ካሉ ይህ መከላከያ ሊቀር ይችላል።

ውልዎን፣ የሥራ መደብ መግለጫዎንና የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ያሰባስቡ። «ምስጢር» የሚል ምልክት ያለበትን ግን እባክዎ አይቅዱ፣ ፎቶ አያንሡ፣ ለእኔም አይላኩ። ራስን መከላከያ ብለው ወስደው በሌላ ወንጀል ሊከሰሱ ይችላሉ። ምስጢር የማየት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይፈልጉ።

ቀድመው ፈርመው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ጠበቃ ያግኙ። ማረሚያው በአዲስ ቀን፣ በአዲስ ደብዳቤ ይጻፍ። የድሮውን ሰነድ አይነካኩት።